እቴቴ የዓይን ፈተና ያለፉበት በጋ

ልጄ የተወለደች ዕለት አዋላጇ እትብቷን ቋጥራ ከጨረሰች በኋላ ከጠረጴዛው ላይ አንዲት ቀጭን ቱቦ አነሣች። ክዳኗን ከፍታ ከውስጧ የወጣውን ቢጫ ቅባት በልጄ ሁለት ዓይኖች ላይ ቀባችው። ምን እንደሆነ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፤ እንደ ልማዴ አፈርኩና ተውኩት። ግን ሽታው መጣ። ቫዝሊን ይመስላል፣ ትንሽ ደግሞ ላምባ ላምባ ይላል። ያን ሽታ አውቀዋለሁ። አልጋው ላይ ተኝቼ ሳለሁ ሦስተኛ ክፍል የነበርኩበት በጋ ድንገት መጣብኝ፤ የአክስቴ ፊት፣ የደጃፋችን ውርጭ፣ ሁሉም መጣ።

የወላጆቼ ቤት ቁልቁለቱ ሥር ስለነበር ከትምህርት ቤት ይርቃል። ስለዚህ የተቀመጥኩት ከአባቴ ታላቅ እህት ጋር ነበር። ስማቸው ጥሩነሽ ነው፤ እኔ እቴቴ ነበር የምላቸው። ባላቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። በእኛ አገር ብርዱን የምንችለው ዝተት በሚባለው የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ነውና የእቴቴን ክር የማይፈልግ አልነበረም። ሴቶቹ ጠጉሩን በአቁማዳ ይዘው እየመጡ፣ «እትዬ ጥሩነሽ፣ የእርስዎ ክር አይበጠስም» ይሏቸዋል። እቴቴም «አይበጠስም፤ የፈተለችው ነች የምትበጠሰው» ብለው ይስቃሉ።

እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ውኃ እቀዳለሁ፣ ኩበት እለቅማለሁ። ማንም የማያውቀው ሌላም ሥራ ነበረኝ። የእቴቴን ሽፋሽፍት እነቅል ነበር።

ወረንጦዋ ከማተባቸው ላይ፣ ከመስቀላቸው ጎን ትንጠለጠላለች። እሾህ የምናወጣባት ዓይነት ትንሽ የብረት ወረንጦ ነች። ጠዋት ፀሐይ የግቢውን ውርጭ ማቅለጥ ስትጀምር እቴቴ ደጃፍ ላይ አጎዛ ያነጥፉና ጭንቅላታቸውን ጭኔ ላይ ያሳርፋሉ።

«እዪው እስቲ፣ ዛሬ ግራው ነው የሚወጋኝ።»

የዓይናቸውን ቆብ በአውራ ጣቴ ወደ ላይ ሳብ አደርጋለሁ። የሌላ ሰው ሽፋሽፍት ወደ ውጭ ነው የሚያየው። የእቴቴ ግን ወደ ውስጥ ዞሮ ብሌናቸውን ይነካል። እኔ እንግዳ ወደ ቤት ሲገባ ፊቴን ወደ ግድግዳ የማዞር ልጅ ነበርኩ። ስለዚህ የእቴቴ ሽፋሽፍትም ዓይን አፋር ይመስለኝ ነበር፤ ሰው እንዳያየው የዞረ።

ሽፋሽፍቱ እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ ነው። በወረንጦዋ ጫፍ ይዤ እስብና የነቀልኩትን በግራ እጄ ላይ እለጥፈዋለሁ። እቴቴ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ሲነቀል እንባቸው በጆሯቸው በኩል ይወርዳል፤ በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉታል። ከዚያ በዚያው ጫፍ የእኔን ፊት ጠረግ ያደርጉና «ተባረኪ፣ እጅሽ አይጉደል» ይሉኛል።

ትንሽ ሰንብቶ ደግሞ ይበቅላል።

«እቴቴ፣ ለምን ነው መልሶ የሚበቅለው?»

«ሙጃ ከገብስ ውስጥ ለምን ይበቅላል?»

«ሥሩ ሲቀር።»

«እንግዲያ ሥሩን እያስቀረሽ ነዋ!»

ከዚያ ወዲያ የነቀልኩትን ሁሉ ወደ ፀሐይ አድርጌ እመረምር ጀመር። ጫፉ ላይ ነጭ ነገር አለ። ሥሩ ይሄ ከሆነ ወጥቷል። ከወጣ ደግሞ ምኑ ነው የሚበቅለው? ይህን ብጠይቅ እቴቴ «አንቺ ልጅ፣ ሰው ፊት አፍሽ አይከፈትም፣ እኔ ላይ ሲሆን ዳኛ ነሽ» አሉኝ። ለዚህ ሥራ የመረጡኝም ለዚሁ ነበር። እጄ ትንሽ ነው፤ አፌ ደግሞ ከእጄ ያነሰ። ሴቶቹ ዓይናቸው መታመሙን ከሰሙ ጠጉራቸውን ለሌላ ፈታይ ይሰጣሉ ብለው ይፈሩ ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ በግራ ብሌናቸው ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ ነበረች። የፀሐይ ብልጭታ ነበር የምትመስለኝ። አንድ ቀን ሰማዩ ደምኖ ሳለ ብመለከት እዚያው አለች። ፀሐይ ሳትኖር ከየት መጣች? ይህንን ግን አልጠየቅኩም። ለምን እንዳልጠየቅኩ አላውቅም።

ኅዳር ላይ፣ ገብሱ ታጭዶ ክምሩ በየአውድማው ሲቆም፣ ጎረቤታችን እትዬ በለጡ እሳት ልትጭር መጣች። ወሬ ሳትይዝ እሳት የምትጭር ሴት አልነበረችም።

«እትዬ ጥሩነሽ፣ ሰሙ? ያቺ የጤና ኬላዋ ልጅ፣ አለም፣ ቤት ለቤት እየዞረች የሰው ዓይን ትመረምራለች። ማዶ መንደር ስሄድ አግኝታኝ ባትሪዋን አብርታ ስታፈጥብኝ ሌባ የደበቅኩ ነው የመሰለኝ!»

«ምን አገኘችብሽ?»

«ምን ታገኛለች! ጉድፍ እንኳ የለብሽም አለችኝ። ድሮስ የኔ ዓይን የሰው ጉድፍ ሲያይ ውሎ መቼ የራሱን ይዞ ያውቃል?»

እቴቴ አልሳቁም። እንዝርታቸውን እያሾሩ፣ «የተገኘበትስ ሰው?» አሉ።

«እሱማ ሞላሌ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። የዓይን ሐኪሞች ሊመጡ ነው አሉ። ቆቡን ቀደው ይሰፉታል። የሚቆዩትም ለጥቂት ቀን ነው።»

እትዬ በለጡ ፍሟን ይዛ ስትወጣ እቴቴ እንዝርቱን አስቀመጡ። ልጅ ሳሉ አንዲት ሴት ዓይኗን በብረት ተነክታ እንደታወረች ነገሩኝ። «የዓይን ብርሃን ውኃ ነው» አሉኝ። «አንዴ ከተቀደደ ይፈስሳል። የፈሰሰ ደግሞ አይታፈስም።»

እኔ መፍራቴን እንጃ፤ ይልቅ ማወቅ ነበር ያማረኝ። ብርሃን ሲፈስ ምን ይመስላል? እንደ ወተት ነጭ ነው ወይስ እንደ ጠላ ቢጫ? ከሥሩ ዋንጫ ቢያዝ ይጠራቀማል? ዋንጫውስ ጨለማ ቤት ቢገባ ያበራል? እነዚህን እያሰብኩ ብዙ ቀን ውኃ ስቀዳ እንስራው ሞልቶ ፈስሷል።

አለም ወደ እኛ መንደር እንደደረሰች በተሰማ ጠዋት እቴቴ አጎዛውን ቶሎ አነጠፉ።

«እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል አይደል? በይ ጥረጊልኝ። አንድም እንዳይቀር።»

ሁለቱንም ዓይን ጠረግኩ። ጣቴ እስኪደነዝዝ ነቀልኩ። እቴቴ ፊታቸውን ታጥበው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ለፈተና እንደምትቀመጥ ተማሪ መደቡ ላይ ተቀመጡ። እኔም ፈተና ነበር የመሰለኝ። የእኛ መምህር ሲፈትኑን ይጠይቃሉ፣ እንመልሳለን። ዓይን ግን ምን ተብላ ትጠየቃለች? ምን ብላስ ትመልሳለች? ይህን ለማየት ከበሩ ጀርባ ቆምኩ።

አለም ጫማዋ በጭቃ የተለወሰ፣ ሳቂታ ወጣት ነበረች። እቴቴን ወደ ደጅ አወጣቻቸውና ባትሪዋን አበራች።

«ይወጋዎታል፣ እማማ?»

«ኧረ ምን ሲባል!»

«እንባስ? ያለቅስዎታል?»

«ጢሱ ነዋ ልጄ! ጢስ የማያስለቅሰው ዓይን የማን ነው?»

አለም ጎንበስ ብላ ቆየች። «ሽፋሽፍትዎ ግን ሳሳ ብሏል» አለች።

«የራሴስ ጠጉር መች ቀረ? እርጅና ነው!»

አለም ሳቀች። ጥቂት አመነታችና፣ «እሺ፣ ለዛሬ ደህና ነዎት» ብላ ሄደች። ከአጥሩ ውጪ ዞር ብላ አንድ ጊዜ አየችን።

እቴቴ እስክትርቅ ጠበቁ። ከዚያ እጃቸውን አጨብጭበው፣ «አለፍኩ!» አሉ። ቆሎ በእፍኛቸው ሰጡኝ፤ እንደ ኮረብታ የተቆለለ። እኔም ኮራሁ። ያሳለፍኳቸው እኔ ነበርኩ።

ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ የዓይን ክኒን ለአገሩ ሁሉ ሊታደል ሕዝቡ ትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። ትልልቆቹ ሰዎች «ጾም ላይ ነን፣ ሰዓቱ ሳይደርስ አንውጥም» ብለው ሲያንገራግሩ የደብራችን ቄስ መምሬ ወጡና፣ «መድኃኒት ምግብ አይደለም፤ ማን ነው በክኒን የጠገበ?» ብለው ራሳቸው በጸበል ዋጡት። ከዚያ ሰው ሁሉ በጸበል መዋጥ ፈለገና የመምሬ ቅል ወዲያው ባዶ ሆነ።

ለልጆች የሚሰጠው በቁመት ልክ ነው። ቀለም የተቀባ ረጅም ዘንግ አቁመው አንድ በአንድ ያስጠጉናል። ከኋላዬ የነበረች ልጅ፣ «ለመቃብር ነው የሚለኩን» አለች። እኔ ግን ረጅም ረጅሙ ብዙ እንደሚሰጠው አይቼ ስለነበር ተራዬ ሲደርስ በእግሬ ጣቶች ቆምኩ።

አለም አየችኝ። «ተረከዝሽን አውርጂ። መድኃኒት በጉራ አይሰጥም።»

ሁሉም ሳቀብኝ። ፊቴን በእጄ ስሸፍን አለም እጄን ቀስ ብላ አነሣችው፤ ዓይኖቼን አየቻቸው፤ ከዚያ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። ጣቷ ቀዝቃዛ ነበር። የዓይኔን ቆብ ይዛ፣ በምን ጥበብ እንደሆነ እንጃ፣ እንደ እጅጌ ገለበጠችው። አላመመኝም፤ ግን ዓይኔ ውስጥ ነፋስ ገባ። ነፋስ ከቆብ ሥር ሲገባ ምን እንደሚመስል ያን ቀን አወቅኩ። ሌላኛውንም ገለበጠች። «አዬ» አለች ለራሷ።

«ወደቅሁ?» አልኩ። ድምፄ የወጣው ከፍርሃቴ ብዛት ነው።

«ምኑን?»

«ፈተናውን።»

ጎንበስ ብላ ፊቷን ከፊቴ እኩል አደረገች። «እዚህ ማንም አይወድቅም፣ ማንም አያልፍም። የምንፈልገው በሽታውን ነው፤ ሳይጠነክር እንድንደርስበት። አንቺ ጋ ገና ትንሽ ነው። ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?»

«ከእቴቴ ጥሩነሽ።»

«ፊትሽን በምን ይጠርጉልሻል?»

የነጠላዬን ጫፍ ይዤ አሳየኋት፤ እሳቸው በራሳቸው ነጠላ እንዲህ ያደርጋሉ ለማለት። አለም ጫፉን ትኩር ብላ አየችው። ክኒኔን አስዋጠችኝ፣ ዓይኔንም ያን ላምባ ላምባ የሚል ቅባት ቀባችኝ። ማታ ላይ፣ ሕዝቡ ሲበተን፣ ቦርሳዋን አንግታ ከኋላዬ መጣች። እኔም መንገዱን ሁሉ «በቁመቴ ስላጭበረበርኩ ልትከሰኝ ነው» እያልኩ ሄድኩ።

እቴቴ ደጃፍ ላይ ይፈትሉ ነበር።

«ደግሞ መጣሽ? አልፌ የለም እንዴ!»

«አልፈዋል እማማ። ዛሬ የመጣሁት ለትርንጎ ነው» አለች አለም። ትርንጎ እኔ ነኝ። «የዓይን ማዝ ጀምሯታል።»

እንዝርቱ ቆመ።

«የምን የዓይን ማዝ? ይቺ ልጅ ዓይኗ የንስር ነው!»

«ከቆቡ ውስጥ ነው የሚጀምረው። ሲቆይ ቆቡን ያኮማትረዋል፣ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ያዞረዋል።»

እቴቴ ወደ እኔ ዞሩ፤ ነግራት ይሆን የሚል አስተያየት ነበር። አልነገርኩም ለማለት ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። አለም ግን የጠየቀችው ሌላ ነገር ነው። «ከማን ያዛት ብለው አይጠይቁኝም?»

«ከማን?»

«ከዝንብም ይሆናል፣ ከእጅም ይሆናል። አንድ ጨርቅ የሁለት ሰው ዓይን ከጠረገም ይተላለፋል። ማን ለማን እንዳስተላለፈ አይታወቅም፤ እኔም ሰው ልወቅስ አልመጣሁም።»

የነጠላቸው ጫፍ በእጃቸው ውስጥ ነበር። ቀስ ብለው ለቀቁት።

«እስቲ አሳዪኝ» አሉ።

አለም አጠገባቸው አንበረከከችኝ፣ የዓይኔን ቆብ ገለበጠች፣ ባትሪውን አበራች። እቴቴ ፊታቸውን አስጠጉ። እንደገና አስጠጉ። ትንፋሻቸው ጉንጬን እስኪያሞቀው ድረስ ቀረቡ። የእኔ ዓይን ተገልብጦ፣ የእሳቸው ዓይን ያቺን ነጭ ነጥብ ይዛ፣ እንዲያ ተፋጠጥን።

«አይታየኝም» አሉ እቴቴ።

ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም። መርፌ ሲጠፋባቸው «ደብቀሽው ነው» ይሉኝ ነበር እንጂ አይታየኝም ብለው አያውቁም።

አለም ባትሪዋን አጠፋች። «ለእሷ ክኒኑና ንጹሕ ውኃ፣ የራሷም ጨርቅ ይበቃታል። ለእርስዎ ግን ክኒን ብቻ አይበቃም። በጨፈኑና በገለጡ ቁጥር ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቀዋል። ያቺ ነጥብ ጠባሳ ናት። ትሰፋለች።»

«ካልሄድኩስ?»

«መጀመሪያ ክሩ ይጠፋዎታል። ቀጥሎ ደጁ።»

«ብርሃኔስ ቢፈስ?»

«የሚነካው ቆቡ ነው፤ ዓይኑን ማንም አይነካውም።»

እቴቴ እንዝርቱን መሬት ላይ አኖሩ። ከዚያ እጃቸውን ልከው የእኔን ዓይኖች በጣቶቻቸው ጀርባ ዳሰሱ፤ የበግ ጠጉር መልካም መሆኑን ለማወቅ እንደሚዳስሱት። «የኔ ይቅር ብል፣ የሷን ማን ያይላታል?» አሉ። «መቼ ነው የሚመጡት?»

ሞላሌ የሄድነው በገበያ ቀን ነው። የጤና ጣቢያው ግቢ ጋቢና ዝተት በለበሱ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሞልቷል፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ከፀሐይ ይሸሻል። እንደ እቴቴ ያለ ዓይን ይህን ያህል መኖሩ አስደነቀኝ። ለካ ምስጢራችን የአገሩ ሁሉ ምስጢር ኖሯል።

እቴቴ ተራቸው ሲደርስ፣ «ልጅቷ ካልገባች አልተኛም» አሉ። የዓይን ነርሱ ደከም ያለው ጎልማሳ ነበር። እኔን ከላይ እስከ ታች አየኝና እጄን አስታጥቦ፣ «ከእግራቸው በኩል ቁሚ። ምንም እንዳትነኪ» አለኝ።

መርፌው ሲገባ «እመብርሃን!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ቆቡ ደነዘዘላቸው። ፊታቸው በጨርቅ ተሸፍኖ አንዱ ዓይን ብቻ ይታያል። ነርሱ ጎንበስ ብሎ ሥራውን ጀመረ።

«ትርንጎ» አሉ እቴቴ ከጨርቁ ሥር።

አልመለስኩም። ነርሱ አለ፣ ረዳቱ አለች፣ በር ላይ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም።

«ትርንጎ! ፈሰሰ?»

ነርሱ እጁን አቆመ። «ምኑ ነው የሚፈሰው?»

እቴቴ እግራቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አልጋውም አብሮ ተንቀጠቀጠ። «እማማ፣ እንዳይንቀሳቀሱ!» አለች ረዳቷ። እሳቸው ግን አልሰሟትም። አንዲት ቃል ይጠብቁ ነበር።

«አልፈሰሰም!» አልኩ።

ድምፄ ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ። በር ላይ የነበሩት ሁሉ ዞሩ።

«በደንብ አየሽ?»

«አየሁ እቴቴ! ደም ብቻ ነው፤ ብርሃን አልፈሰሰም!»

እግራቸው ረጋ። ነርሱ አልሳቀም። «በይ እንግዲህ ጠብቂልን» አለኝ፤ «ከፈሰሰ ቶሎ ንገሪኝ።»

ጠበቅኩ። ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅኩ። ቆቡ ሲከፈት፣ ጠርዙ ወደ ውጭ ሲዞር፣ ሲሰፋ አየሁ። ዓይን አፋሩ ሽፋሽፍት ፊቱን ወደ ሰው ሲያዞር አየሁ።

«ክሩስ እንዴት ነው?» አሉ እቴቴ፤ አሁን ድምፃቸው ተመልሷል።

«ከእርስዎ ክር ይቀጥናል።»

«ዋሽተሻል!»

በዚህኛው ነርሱም ሳቀ።

ሁለቱም ዓይኖቻቸው ታሽገው ጤና ጣቢያው አደርን። በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ ሁሉ ነገር ጥርት ብሎ ይታያቸዋል ብዬ ጓጉቼ ነበር። ቆቡ ግን አብጦ በቅጡም አልተከፈተም። ነርሱ፣ «የጠፋውን አንመልስም፤ ነጯ ጠባሳም አትለቅም። የቀረው እንዳይሄድ ነው የሠራነው» አለ። አልገባኝም። ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን ምንም ሳይጨመርልን? እቴቴ ግን ነርሱን መርቀውት ተነሡ፤ እጃቸውን ይዤ ስመራ፣ ያልሆነ ነገር እንዴት ምስጋና ይገባዋል እያልኩ አሰብኩ።

ሰንበት ብለን ስፌቱን ለማስወጣት ተመልሰን ሄድን። እብጠቱ ጎድሎ ነበር። ነርሱ ክሩን በትንሽ መቀስ እየቆረጠ አወጣና «ይሂዱ እማማ» አላቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ ዳገቱ ላይ እቴቴ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ደከሙ ብዬ ቆምኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ገለጡ። ጨፈኑ። ገለጡ። ደግሞ በዝግታ ጨፈኑና አቆዩት።

«እቴቴ፣ ምን ሆኑ?»

«ዝም በይ እስቲ፣ ይወጋኝ እንደሆን ልየው።»

ጨፈኑ፣ ገለጡ። አንድ ፈረስ የጫነ ሰውዬ ከገበያ ሲመለስ በአጠገባችን ደረሰ። ሰላምታ ሊሰጥ ባርኔጣውን አነሣና ቆመ።

«እሜቴ፣ እኔን ነው የሚጠቅሱኝ?»

«ሂድ ወዲያ! ብጠቅስህስ ምን ልታመጣ!»

ሰውዬው እየሳቀ ፈረሱን ነዳ። እቴቴም ሳቁ። ሲስቁ ዓይናቸው ተጨፈነ፤ ከሳቁ በኋላም ተገለጠ። እኔም ከፊታቸው ቁጢጥ ብዬ ቀረብ ብዬ አየኋቸው። ሲጨፍኑ ምንም አልሆኑም። ሲገልጡም ምንም አልሆኑም።